ሩቲን ከማነጻጸሪያው የበለጠ ነጥብ አመጣ፤ ጤና አዳም የኮሮና መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከጤና አዳም፣ ከዳማከሴና ከነጭ ሽንኩርት ተለይተው የታወቁ ውህዶችን ከጽሑፎች ሰብስቤ፣ አውቶዶክ ቪና በተባለው ፕሮግራም ከኮሮና ቫይረስ ዋና ፕሮቲዬዝ ጋር ዶክ አደረግኋቸው። የተጠቀምኩት የፕሮቲዬዙ መዋቅር 6 ኤል ዩ 7 የተባለው ነው። ከጤና አዳም ውህዶች አንዱ የሆነው ሩቲን −9.1 አመጣ፤ ማነጻጸሪያ ያደረግሁት ኤን 3 የተባለው የታወቀ የፕሮቲዬዙ አጋጅ ግን −7.8 ብቻ። ሩቲን ከማነጻጸሪያው ይበልጣል ብዬ መጻፍ እችላለሁ? ደግሞ ውጤቱን የሰሙ ዘመዶቼ ጤና አዳም እያፈሉ በብርጭቆ መጠጣት ጀምረዋል፤ ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ይበልጣል ብለሽ መጻፍ አትችዪም። ዘመዶችሽንም ቡና ላይ ጣል የምትደረገዋ የጤና አዳም ቅጠል እንደ ወጓ ትቀጥል፣ አፍልቶ በብርጭቆ መጠጣቱን ግን ተዉት በያቸው። ሥራሽ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የደረስሽበት ቦታ ጥናቱ የሚጀመርበት ነው፤ አንቺ ግን የሚያልቅበት አድርገሽ ይዘሽዋል። ለምን እንዲህ እንደምል ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ሌሎች ተማሪዎችም ይኸንኑ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያነሱ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ለማያውቅ አንባቢ በሁለት መስመር ላስረዳ። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኖቹን የሚያሠራው አንድ ላይ እንደተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ነው። ዋናው ፕሮቲዬዝ የሚባለው ኢንዛይም ይህን ሰንሰለት 11 ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ ካልተቆረጠ ቫይረሱ መራባት አይችልም። የሰው አካል ኢንዛይሞች በዚህ ዓይነት ስለማይቆርጡ፣ እሱን የሚያግድ መድኃኒት እኛን ብዙም ሳይነካ ቫይረሱን ያቆማል ተብሎ ይታሰባል። ዶኪንግ ማለት ደግሞ አንድ ውህድ በዚህ ኢንዛይም መቁረጫ ኪስ ውስጥ እንዴት ሊቀመጥ እንደሚችልና ምን ያህል ሊይዘው እንደሚችል በኮምፒዩተር መገመት ነው።

አሁን ወደ −9.1 እንምጣ። ቪና ፕሮቲኑን ጭራሽ እንደማይንቀሳቀስ ቆጥሮ ውህድሽን ኪሱ ውስጥ እያገላበጠ፣ የሚታጠፉትን ትስስሮቹን እያጠማዘዘ የሚስማማ አቀማመጥ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ አቀማመጥ አተሞቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ፣ ስንት የሃይድሮጅን ትስስር እንደተፈጠረ፣ ውሃ የሚሸሹት ክፍሎች እርስ በርስ እንደተገናኙ፣ የተጋጩ አተሞች ካሉም እነሱን ይደምራል። ድምሩን በሚታጠፉት ትስስሮች ብዛት ትንሽ ይቀንሰውና በኪሎካሎሪ በሞል ይሰጥሻል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ውህዱ አጥብቆ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። አሃዱ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምናውቀው አሃድ ስለሆነ ሰው ቁጥሩ የተለካ ይመስለዋል። ግምት ነው። የግምቱ ስሕተት ምን ያህል እንደሆነም የፕሮግራሙ ሠሪዎች ራሳቸው በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ ነግረውናል፤ መደበኛ ስሕተቱ 2.85 ኪሎካሎሪ በሞል ገደማ ነው። በክፍል ሙቀት 1.4 ኪሎካሎሪ ሲጨመር ውህዱ 10 እጥፍ አጥብቆ ይይዛል ማለት ስለሆነ፣ 2.85 ከ100 እጥፍ ያልፋል። በሩቲንና በኤን 3 መካከል ያገኘሽው ልዩነት 1.3 ነው። ከስሕተቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «በጥንቃቄ ጻፊው» ብዬ አልፍ ነበር። ግን ሩቲን ከላይ የወጣበት የራሱ ምክንያት አለው። ሩቲን ማለት ኩዌርሴቲን የተባለ የዕፅዋት ውህድ (ፍላቮኖይድ ከሚባሉት ወገን ነው) ላይ ግሉኮስና ራምኖስ የተባሉ ሁለት ስኳሮች ተያይዘው የተሠራ ውህድ ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 610 ነው፤ የሃይድሮጅን ትስስር የሚሰጡ 10፣ የሚቀበሉ 16 ቦታዎች አሉት። ነጥቡ የሚደመረው በንክኪ ነው፤ ስለዚህ ግዙፍና በኦክስጅን የተሞላ ሞለኪውል ሁልጊዜ ያተርፋል። ሰፊ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ግራ ቀኙን ሁሉ ይነካል፤ ተሳፋሪውን ሁሉ ያውቃል ማለት ግን አይደለም። በ2020 እና በ2021 እንደ ጎርፍ የወጡትን የዶኪንግ ጽሑፎች ብታገላብጪ ሩቲንን፣ ከብርቱካንና ከሎሚ ወገን የሚገኘውን ሄስፔሪዲንን (የእሱም ክብደት 610 ነው)፣ እንዲሁም ስኳር የተሸከሙ ሌሎች ፍላቮኖይዶችን ደጋግመሽ ከዝርዝሩ አናት ላይ ታገኚያቸዋለሽ። እኔ ይህን የቫይረሱ ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም፤ የመጠናቸው ጉዳይ ነው።

ራስሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ሩቲን 27 ካርቦንና 16 ኦክስጅን አለው፤ ሃይድሮጅንን ትተን 43 ከባድ አተሞች ማለት ነው። 9.1ን ለ43 ስታካፍዪ 0.21 ይመጣል። በመድኃኒት ኬሚስትሪ ለጥሩ መነሻ ውህድ የሚፈለገው 0.3 ገደማ ነው። ሠንጠረዥሽ ላይ ይህን አንድ ዓምድ ጨምሪና ዝርዝሩን እንደገና ደርድሪው፤ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ከዚያ ሩቲንን ከኮሮና ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው አምስት ስድስት ፕሮቲኖች ላይ አስኪጂው። እዚያም −9 አካባቢ ካመጣ፣ ስለ ፕሮቲዬዙ የነገረሽ ነገር የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ፈታኞችሽ ከመጠየቃቸው በፊት ብትሠሪው ይሻልሻል።

ስለ ማነጻጸሪያውም ልናገር። ኤን 3 ዝነኛ የሆነው በ2020 መጀመሪያ የሻንጋይ ተመራማሪዎች የፕሮቲዬዙን መዋቅር ሲያወጡ አብሮት ስለነበረ ነው። ኤን 3 የሚሠራው ሳይስቲን 145 ከተባለው የኢንዛይሙ መቁረጫ አሚኖ አሲድ ጋር እውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር ፈጥሮ ነው። የተለመደው ቪና ይህን ትስስር አያውቀውም፤ ስለዚህ አይቆጥርለትም። በዚያ ላይ ኤን 3 ረጅም፣ ብዙ ቦታ የሚታጠፍ፣ ፕሮቲን መሰል ሞለኪውል ስለሆነ ፕሮግራሙ ትክክለኛ አቀማመጡን ለማግኘት ይቸገራል። እንግዲህ ሩቲንሽ ያሸነፈው ዋና ጉልበቱ ያልተቆጠረለትን ተወዳዳሪ ነው። የፋይዘር የኮሮና መድኃኒት ኒርማትረልቪርም ከዚሁ ሳይስቲን ጋር በሚፈታ ኬሚካዊ ትስስር የሚያያዝ ውህድ ነው፤ በቤተ ሙከራ በ3 ናኖሞላር ገደማ (የውህድ መጠን መለኪያ ነው፤ 1,000 ናኖሞላር 1 ማይክሮሞላር ይሆናል) ኢንዛይሙን ያግዳል። በቪና ነጥብ ብቻ ቢመረጥ ኖሮ ከስንት የቅጠል ውህድ በታች ተቀምጦ ይቀር ነበር።

አንድ ሌላ ነገር፤ ይህን አብዛኛው ተማሪ ያልፈዋል፤ አንዳንዱ የታተመ ጽሑፍም እንዲሁ። ፕሮቲዬዙ የሚሠራው ሁለት ሆኖ ሲጣመር ነው። እያንዳንዱ ግማሽ 306 አሚኖ አሲዶች አሉት። የአንደኛው ግማሽ የመጀመሪያ አሚኖ አሲድ፣ ሴሪን 1፣ ተሻግሮ የሌላኛውን ግማሽ ግሉታሚክ አሲድ 166 ይነካል፤ ኤስ 1 የተባለው የኪሱ ክፍል ቅርጹን የሚይዘው በዚህ ንክኪ ነው። 6 ኤል ዩ 7ን ስታወርጂ ግን ዋናው ፋይል ውስጥ ያለው አንዱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ከክሪስታሉ ሲሜትሪ የሚወጣ ስለሆነ ባዮሎጂያዊ ጥምረቱን የያዘውን ፋይል ለይቶ ማውረድ ያስፈልጋል። ያወረድሽውን እንዳለ ከተጠቀምሽ ኤስ 1 አንዱ ግድግዳ ተጓድሎበት ነው ዶክ ያደረግሽው፤ እንደ ሩቲን ያለ ግዙፍ ሞለኪውል ደግሞ ስኳሩን በዚያ ክፍተት በኩል ሊያሾልክ ይችላል። አቀማመጡን በስክሪን ላይ ከፍተሽ እይው፤ ስኳሩ ሴሪን 1 ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ሂስቲዲን 41፣ 163 እና 172 የተባሉት አሚኖ አሲዶች ሃይድሮጅናቸው የትኛው ናይትሮጅን ላይ እንዳለም ፕሮግራሙ በራሱ እንዲወስን አትተዪው። «ውሃውን ሁሉ ሰርዙ» የሚለውን የዩቲዩብ ትምህርትም በደፈናው አትከተዪ፤ ከሂስቲዲን 41 አጠገብ ያለው ውሃ ቦታውን የማይለቅ፣ የኢንዛይሙ አካል ሊባል የሚችል ነው።

ከዚህ በኋላ ዘዴሽ ራሱ ይሠራ እንደሆነ መፈተን አለብሽ። ሳይስቲኑን በኬሚካዊ ትስስር የማይዝ ውህድ ያለበት የፕሮቲዬዝ መዋቅር ምረጪ፤ ባይካሌይን ያለበትም፣ ኤንሲትረልቪር ያለበትም አለ (ስለ ሁለቱም ወደ ታች እመለሳለሁ)። ውህዱን አውጥተሽ መልሰሽ ዶክ አድርጊው። ከክሪስታሉ አቀማመጥ ያለው ልዩነት ከ2 አንግስትሮም (የአተም ስፋት ያህል የሚሆን የርዝመት መለኪያ) በታች ካልሆነ ዝግጅትሽ ላይ ችግር አለ። ቀጥሎ ፕሮቲዬዙን እንደሚያግዱ በሙከራ የታወቁ ውህዶችን፣ በመጠንና በባህርይ ከሚመስሏቸው ግን ከማያግዱ ብዙ ውህዶች ጋር ቀላቅለሽ አስኪጂ። የሚያግዱት ወደ ላይ ካልወጡ ያንቺም የዕፅዋት ዝርዝር በዕጣ ከወጣ ዝርዝር አይለይም። በዚህ ፈተና የወደቀ ዝግጅት ብዙ አይቻለሁ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ሞለኪውላር ዳይናሚክስ ሲሙሌሽን፣ ማለትም የአተሞቹን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር ወደ ማስመሰል የሚዘሉም ብዙ ናቸው። 100 ናኖሰከንድ አስኪደው የግራፉ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ካዩ «ትስስሩ መረጋጋቱ ተረጋገጠ» ብለው ይጽፋሉ። ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ትልቅ ሞለኪውል በ100 ናኖሰከንድ ውስጥ ባይወጣ ምን ይገርማል? ደካማ ትስስር እንኳ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ለሚረዝም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ሰርቨር ካለሽ ሥሪው፤ ማረጋገጫ ብለሽ ግን አትጥሪው።

እሺ፣ ይህን ሁሉ አልፎ ሩቲን በእርግጥ ፕሮቲዬዙን ይይዛል እንበል። ዘመዶችሽ ጠጥተውት የት ይደርሳል? ትንሹ አንጀት ሩቲንን እንዳለ እምብዛም አይወስደውም። ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁለቱን ስኳሮች ይቆርጡለታል፤ የቀረው ኩዌርሴቲን ነው። ከኩዌርሴቲኑ ወደ ሰውነት የሚገባው ክፍልም በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ሲያልፍ ግሉኩሮኒክ አሲድና ሰልፌት ይለጠፍበታል፤ ደም ውስጥ የሚዞረው በአብዛኛው ይኸው የተለጠፈበት ነው። ስለዚህ አንቺ ኪሱ ውስጥ ያስቀመጥሽው ሞለኪውል ሌላ፣ ሳንባ ሊደርስ የሚችለው ሞለኪውል ሌላ። ዶኪንግ ከሠራሽ አይቀር ኩዌርሴቲን ግሉኩሮናይድን አስገቢው፤ ጥያቄው ቢያንስ እውነተኛ ይሆናል። መጠኑም ሌላ ችግር ነው። እርድ ውስጥ ያለውን ኩርኩሚን ታውቂዋለሽ፤ በ2001 በታተመ የታይዋን ጥናት ሰዎች በቀን 8 ግራም ወስደው እንኳ ደም ውስጥ የታየው ከፍተኛ መጠን 2 ማይክሮሞላር አልሞላም። በቱቦ ውስጥ 20 ወይም 50 ማይክሮሞላር ላይ የሚሠራ ነገር በዚህ መንገድ መድኃኒት አይሆንም። የጥገኛ ትላትል መድኃኒት የሆነውን አይቨርሜክቲንንም ታስታውሺዋለሽ፤ በ2020 ቫይረሱን ያቆመው በ5 ማይክሮሞላር በጦጣ ኩላሊት ሴሎች ላይ ነበር፤ በተፈቀደው መጠን ተወስዶ ደም ውስጥ እዚያ የሚደርስበት መንገድ የለም።

እንግዲህ ወደ ቤተ ሙከራ ግቢ ማለቴ ነው። ደግነቱ ለመጀመሪያው ሙከራ ሕያው ቫይረስ አያስፈልግሽም። ፕሮቲዬዙ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ይመረታል፤ ሲቆረጥ ብርሃን የሚሰጥ አጭር ሰንሰለት ይጨመርለትና ውህድሽ ሲገባ ብርሃኑ ይቀንስ እንደሆነ ይታያል። ደህና የባዮኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ነው። እንደ ሩቲንና ኩዌርሴቲን ያሉ የዕፅዋት ፖሊፊኖሎች ግን እዚህ ላይ በብዙ መንገድ ያታልላሉ። አንዳንዶቹ ቀለም ስላላቸው ብርሃኑን ራሳቸው ይውጡታል፤ ኢንዛይሙ የታገደ ይመስላል። አንዳንዶቹ ውሃ ውስጥ ተጠራቅመው ጥቃቅን ጓል ይሠሩና ኢንዛይሙን ላያቸው ላይ ይለጥፉታል። እንደ ኩዌርሴቲን ያሉት ደግሞ ኦክሳይድ ሲሆኑ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ መቁረጫው ሳይስቲን ለሆነ ኢንዛይም ይህ ክፉ ነገር ነው። ስለዚህ ሙከራውን አንድ ጊዜ 0.01 በመቶ ትሪቶን ኤክስ 100 የተባለውን ሳሙና መሰል ኬሚካል ጨምረሽ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዲ ቲ ቲ የተባለውን ሳይስቲንን የሚጠብቅ ኬሚካል ጨምረሽ ድገሚው። በትሪቶን ከጠፋ ጓል ነበር፤ በዲ ቲ ቲ ከጠፋ ሳይስቲኑን ያገኘውን ሁሉ የሚነካ ውህድ ነው። በ2020 የፕሮቲዬዙ አጋጆች ተብለው የተወደሱት ኢብሴለን፣ ዳይሰልፊራምና ካርሞፈር ዲ ቲ ቲ ሲጨመር አቅማቸው ጠፍቷል። የእነዚህን ሁለት ሙከራዎች ውጤት የማያሳይ የፖሊፊኖል ጽሑፍ ሲደርሰኝ እኔ ቀሪውን አላነብም።

ነገሩን ሁሉ እንዳላጨልምብሽ፣ የተሳካላቸውንም ላንሳ። የጃፓኑ ሺዮኖጊ ኩባንያ ከሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ያወጣው ኤንሲትረልቪር የተጀመረው በኮምፒዩተር ማጣራት ነው። ግን እንዴት እንደተጀመረ እይ። ኩባንያው የራሱን የውህዶች ክምችት በኮምፒዩተር ካጣራ በኋላ ወደ 300 የሚሆኑትን በኢንዛይም ሙከራ ፈተነ። የተገኘው መነሻ ውህድ ኢንዛይሙን በግማሽ ለማገድ 8.6 ማይክሮሞላር የሚፈልግ፣ ደካማ ነበር። ኬሚስቶቹ መዋቅሩን እያዩ ቁራጭ በቁራጭ ቀየሩትና 13 ናኖሞላር አደረሱት፤ ከ600 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጃፓን በ2022 ኖቬምበር ላይ ለአስቸኳይ አገልግሎት ፈቀደችው። ኮምፒዩተሩ የሰጣቸው ደካማ መነሻ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያለ እሱ የት እንደሚጀምሩ አያውቁም ነበር።

ከዕፅዋት ወገንም አለ። ባይካሌይን በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከሚታወቅ የስኩቴላሪያ ሥር የሚወጣ ፍላቮኖይድ ነው፤ ስኳር አልተሸከመም፣ 20 ከባድ አተሞች ብቻ አሉት። ፕሮቲዬዙን ከ1 ማይክሮሞላር በታች ሲያግደው በ2020 ተለክቷል፤ ኪሱ ውስጥ ተቀምጦም በክሪስታል ታይቷል። ይህን ያህል ማስረጃ ያለው የዕፅዋት ውህድ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን እስካሁን መነሻ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ጉንፋን ቫይረስ ታሪክ ደግሞ ሌላ ያስተምራል። በ1993 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኒውራሚኒዴዝ የተባለውን ኢንዛይም መዋቅር በኮምፒዩተር አጥንተው፣ አንድ የታወቀ ደካማ አጋጅ ላይ ያለውን የኦ ኤች ቡድን ጓኒዲን በተባለ ቡድን ቢተኩት ኪሱ ውስጥ ያሉትን ሁለት ግሉታሚክ አሲዶች እንደሚይዝ ገመቱ፤ ግምቱ ሠራና ዛናሚቪር የተባለው መድኃኒት ተገኘ። ተከትሎት የመጣው ኦሰልታሚቪር ደግሞ ለዓመታት የተመረተው ስታር አኒስ ከተባለው የቻይና ቅመም ከሚወጣ ሺኪሚክ አሲድ ተነስቶ ነው። እዚያ ተክሉ ጥሬ ዕቃ ሰጠ፤ የመድኃኒቱን ቅርጽ ያወጣው ኬሚስቱ ነው።

ካንቺ ጋር የማልስማማበት ዋናው ነገር ግን አነሳስሽ ላይ ነው። ከሦስት ዕፅዋት የታወቁ ውህዶችን ለቅሞ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት፣ ተክሉ ራሱ ቫይረሱ ላይ አንዳች ነገር ማድረጉን ሳያዩ ስለ ሞለኪውሉ መጨነቅ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ያዩት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ነው፤ ሞለኪውሎቹ የታወቁት ቆይቶ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮም አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ላይ የደረሱት መጀመሪያ የተክሉ ጭማቂ የወባ ተውሳኩን ሲያጠፋ አይተው ነው። አንቺም የዳማከሴን ጭማቂ በኢንዛይሙ ላይ ፈትኚ፤ ካገደ ከፋፍለሽ የትኛው ክፍል እንዳገደ ለዪ፤ ዶኪንጉን ከዚያ በኋላ አምጪው፤ «ይህ ውህድ እንዴት ሊያግድ ቻለ?» ለሚለው ጥያቄ ይጠቅምሻል። ቅድሚያ ለኮምፒዩተሩ መስጠት ካለብሽ ደግሞ ከሦስት ዕፅዋት ይልቅ ሰፊ ነገር ያዢ፤ በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒት ዕፅዋት መረጃ ቋት ከ1,000 በላይ ዕፅዋትና ከ4,000 በላይ ውህዶችን ይዟል።

የዘመዶችሽን ነገር ልመልስ። በ2020 ማርች የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እንዴት እንደተወደደ ታስታውሺያለሽ። ሕዝቡ ሲጨነቅ ወደሚያውቀው ተክል መሄዱ አያስወቅሰውም። ጤና አዳም ግን አፍልተው በብዛት ሲጠጡት ቀልድ አይደለም፤ ውስጡ ያሉት ፉራኖኩማሪኖች ቆዳን ለፀሐይ ብርሃን ስሱ ያደርጋሉ፤ ማኅፀንንም ስለሚያነሳሳ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ አትጠጣው። ዕድሜው የገፋ ወይም ስኳር፣ ኩላሊት፣ ልብ ያለበት ሰው ኮሮና ከያዘው ቀን ሳይቆጥር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ኒርማትረልቪር ከሪቶናቪር ጋር የሚሰጠው ምልክቱ በታየ በ5 ቀን ውስጥ ነው። ሪቶናቪር የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያግድ ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል፤ እቤት የሚጠጣ ቅጠል ካለ ለሐኪሙ ይነገር።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የምትጽፊው ዓረፍተ ነገር ይህን ቢመስል እኔ ፈታኝ ብሆን አልፈዋለሁ፦ «በተገለጸው ዝግጅት ሩቲን በቪና −9.1 አግኝቷል፤ ነጥቡ ለሞለኪውሉ መጠን ሲስተካከል ግን ቀዳሚ አይደለም፤ ከኤን 3 ጋር የተደረገው ንጽጽር የኤን 3ን ኬሚካዊ ትስስር አያካትትም፤ ፕሮቲዬዙን ስለማገዱ በሙከራ የተገኘ ማስረጃ እዚህ አልቀረበም።» ከዚያ ስኳር የሌላቸውን፣ ትንንሾቹን፣ በነጥቡም፣ ለመጠን ሲስተካከልም ጥሩ የወጡትን ጥቂት ውህዶች ለሙከራ ለይተሽ አቅርቢ። ንጹሕ ሆነው የሚሸጡ ካሉ መግዛት ከማውጣት ይቀላል። ተክሉን ራሱን የምትሰበስቢ ከሆነ ናሙናውን አድርቀሽ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አስረክቢና ቁጥሩን ያዢ፤ በገበያ ዳማከሴ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዝርያ ነው ብለሽ አትመኚ። ሙከራው ውጭ አገር የሚሠራ ከሆነም የጀነቲክ ሀብትና የማህበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (አግኝቶ መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ እዚህ ላይ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይመለከትሻል፤ ናሙና ከመላክሽ በፊት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ ማመልከቻውን ዶኪንጉን እንደገና እየሠራሽ ጎን ለጎን ጀምሪው።